«ብረት» ወይስ «ቁንዶ»? የአንድ ግድግዳ ማስታወሻ

ቅዳሜ፣ ጥር 9

ሳሎናችን አራት ግድግዳ አለው። ሦስቱን ማንም አይነካቸውም። አራተኛው፣ ቴሌቪዥኑ የተሰቀለበት፣ ሊጠቁር ነው።

ቤቱ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ነው፣ ከድሮዎቹ አንዱ። ግድግዳው ወፍራም ድንጋይ ነው፤ ጣሪያው ሩቅ ነው። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ድሬ ከገባ በኋላ በተቀየሰ ሰፈር ውስጥ ስላለ ስንት ጊዜ እንደተቀባ የሚያውቅ የለም። ጥግ ላይ በቢላ ፈቅ ፈቅ አደረግኩት። ክሬም ወጣ። ከክሬሙ ስር ውሃ ሰማያዊ። ከዚያ ስር ኖራ።

ነገሩን የጀመረችው አሜሪካ ያለችው እህቴ ናት። መኝታ ቤቷን ጥቁር በሚመስል ቀለም ቀብታ ፎቶ ላከችልን። ባለቤቴ ስታየው «እኛም!» አለች። እኔ «ድሬ ላይ? በዚህ ሙቀት?» አልኩ። «ፀሐይ የማይደርስበት የውስጥ ግድግዳ ምን ይሞቃል?» አለችኝ። እውነቷን ነው። ጥቁር ቀለም ሙቀት የሚሰበስበው ፀሐይ ሲያርፍበት ነው። የውጭ ግድግዳ ቢሆን ኖሮ እስከ መጨረሻው እምቢ እል ነበር።

እማዬ ግን በሙቀት አልመጣችም። «ለቅሶ ቤት ልታስመስሉት ነው?» አለች። ለዚህ መልስ አላገኘሁም።

እህቴ የቀለም ናሙና በሰው እጅ ልካለች። የሸርዊን ዊሊያምስ ሁለት ካርዶች ናቸው። አንዱ ቁጥሩ 7069፣ ስሙ «አይረን ኦር»፣ የብረት ማዕድን ማለት ነው። ሌላው 7674፣ «ፔፐርኮርን»፣ ቁንዶ በርበሬ። እማዬ የሁለተኛውን ትርጉም ስትሰማ «ወጥ ልትሠሩበት ነው ወይስ ልትቀቡት?» ብላ ሳቀች። ከዚያ ወዲያ በቤታችን አንዱ «ብረት»፣ ሌላው «ቁንዶ» ሆኖ ቀረ።

ካርዶቹን ቴሌቪዥኑ አጠገብ ለጥፌ ወደ በሩ ሄድኩ። ከአራት ሜትር አንድ ናቸው። ባለቤቴም «አንድ ናቸው፣ ለምን ትደክማለህ» አለች። ተጠግቼ ሳያቸው ብረት ጠቆር ይላል። በቃ፣ ይኼው ነው ልዩነታቸው።

ቁጥሩ ግን ሌላ ይላል። የቀለም ፋብሪካዎች አንድ ቀለም ምን ያህል ብርሃን እንደሚመልስ ከ0 እስከ 100 ይለኩታል። ጥሩ ነጭ ከ80 ያልፋል። ብረት 6 ነው። ቁንዶ 10። አራት ቁጥር ብቻ ነው ብዬ ነበር። ግን ከስድስት ላይ አራት መጨመር ብዙ ነው፤ ቁንዶ ከብረት አንድ ተኩል እጥፍ በላይ ብርሃን ይመልሳል ማለት ነው። ነጫጭ ቀለሞች መሐል ቢሆን ይኼ አራት ምንም አይደለም።

በኮምፒውተር ደግሞ እያንዳንዱ ቀለም የቀይ፣ የአረንጓዴና የሰማያዊ ቁጥር አለው። ብረት 67፣ 67፣ 65 ነው። ሰማያዊው በሁለት ያንሳል፤ ስለዚህ በፀጉር ታህል ወደ ሞቃት ያዘነብላል። ቁንዶ 88፣ 88፣ 88። ሦስቱም እኩል። ወደ የትም የማያደላ፣ ዳኛ የሆነ ግራጫ። ይቺን ቁጥር አስታውሱልኝ፤ በኋላ ትፈለጋለች።

እሑድ፣ ጥር 10፣ ከተራ

ዛሬ ብዙ አልሠራሁም። ታቦት ስንሸኝ ዋልን።

አንድ ነገር ብቻ። ካርዱ ክሬም ግድግዳ ላይ ሲለጠፍ ዓይን ይታለላል። ክሬሙ ቢጫ ስላለው አጠገቡ ያለው ግራጫ ሰማያዊ ይመስላል። ነጭ ወረቀት ወስጄ መሐሉን በመቀስ ቀዳሁትና ካርዱን በቀዳዳው በኩል አየሁት። ሰማያዊው ቀነሰ። ቀለም ከጎረቤቱ ጋር ነው የሚኖረው።

ረቡዕ፣ ጥር 13

የደቻቱን ወንዝ ተሻግሬ መጋላ በኩል ወዳለ ቀለም ቤት ሄድኩ። ልጁ ካርዶቹን አየና «ኮዱ የኛ ማሽን ውስጥ የለም፣ በዓይን ልምታልህ?» አለ፤ አቀላቅዬ ልሥራልህ ማለቱ ነው። አንተ ነው የሚለኝ፣ በጺሜ ሽበት ሳይደነግጥ። ድሬ ነው፤ አንቱታ ለክስ ነው።

በስልክ ፎቶ ቀለም አስመታለሁ ብሎ የሚመጣ ሰው በየቀኑ እንዳለ ነገረኝ። «አቦ፣ አንዱ ስልክ ላይ ጥቁር የሆነው ሌላው ላይ ሰማያዊ ነው፤ የቱን ልምታ?» ካርድ በእጄ ስላለኝ ወደደኝ።

ሥራውን ቆሜ አየሁት። ጥቁር ቀለም የሚሠራው ከነጭ ባልዲ አይደለም። ለጠቆረ ቀለም የሚሆን መነሻ ቀለም አለ፤ ነጩ ዱቄት የለበትም ወይም ጥቂት ብቻ ነው ያለው። ሲከፈት እንደ ውሃ እርጎ ነው። ነጩ ቢበዛበት ስንት ጥቁር ብትጨምር ግራጫ ሆኖ ይቀራል። ችግሩ ደግሞ ነጩ ዱቄት ነው የስሩን የሚሸፍነው። እሱ ሲጎድል ቀለሙ ይሳሳል። ይኼን ሲነግረኝ «እሺ፣ እሺ» አልኩ። በአንድ ጆሮዬ ገብቶ በሌላው እንደወጣ የገባኝ ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው።

ጥቁሩን ጠብ ጠብ አደረገ። ጥቁርና ነጭ ብቻቸውን ሲገናኙ ወደ ሰማያዊ ይሄዳሉ። አመድ ሲነጣ ታውቃላችሁ አይደል፣ እንደሱ። ይህን ለማረም ትንሽ ሸክላ ቀይና ትንሽ ቢጫ ይገባበታል። ብረት ላይ ቀይና ቢጫውን ጨመር አደረገ። ቁንዶ ላይ አንድ አንድ ጠብታ። ጣቱን ነክሮ ካርዱ ጫፍ ላይ ቀባ፤ ቬንትሌተሩ ፊት ይዞ አደረቀው። «እርጥቡን አትመነው» አለኝ። ፕላስቲክ ቀለም እርጥብ ሲሆን ወተት ወተት ይላል፤ ሲደርቅ ይጠቁራል። አምስቴ ነካ፣ አደረቀ፣ ጨመረ። በመጨረሻ ጠብታው ካርዱ ላይ ጠፋ። የት እንደቀባ ራሱም በጣቱ ፈለገው።

ሁለቱንም አንድ አንድ ሊትር ያዝኩ። ከሊትር በታች አይመታም። ዋጋውን አልጽፍም፤ ይኼ ጽሑፍ ሳያልቅ ይለወጣል።

ቅዳሜ፣ ጥር 16

ናሙናን ግድግዳ ላይ አትቀቡ። ክሬሙ ያሳስታል፤ በዚያ ላይ ቦታ ቦታውን ቀብታችሁ ስትጨርሱ ግድግዳው የላም ጀርባ ይመስላል። ካርቶን ይሻላል። የፍሪጅ ካርቶን ከጎረቤት ለምኜ ሁለት ቁራጭ አወጣሁ፤ እያንዳንዱ ክንድ በክንድ። መጀመሪያ ነጭ ቀባኋቸው። ከዚያ ዙሪያውን ሦስት ጣት ነጭ ትቼ ሁለት ሁለት እጅ ደረብኩ። ነጩ ጠርዝ ዓይን ከክሬሙ እንዲያርፍ ነው። ካርቶን ደግሞ እግር አለው፤ ከመስኮት ወደ ጥግ፣ ከጥግ ወደ ሶፋ ስር ይዞራል።

በረንዳ ላይ አሰጣኋቸው። በሩብ ሰዓት ደረቁ፤ ለዚህ ለዚህ ድሬን የመሰለ የለም። ላነሳቸው ስሄድ ግን ቀዝቀዝ አልኩ። ጀርባቸው ላይ ስም አልጻፍኩም።

የቱ ብረት ነው? የቱ ቁንዶ? እኔ ግራውን አልኩ። ባለቤቴ ቀኙን አለች። ልጃችን «ሁለቱም ጥቁር ናቸው» አለ። አንድ ሳምንት ስለ ልዩነታቸው ያወራሁ ሰውዬ በገዛ እጄ የቀባሁትን መለየት አቃተኝ። ፀሐዩ በቀጥታ ሲያርፍባቸው ሁለቱም እኩል ያበራሉ፤ ጥላ ውስጥ ሲገቡ ሁለቱም እኩል ይጠቁራሉ።

እማዬ ቡና ልታፈላ ወጣች። ጀበናዋን ስታስቀምጥ ካርቶኖቹ መሐል አረፈ። እሳት ስንት ዘመን ያጠቆረው ጀበና ነው፤ ሆዱ ላይ የሚያብለጨልጭ ጥላሸት አለው። የዚያን ጊዜ ሁለቱ ካርቶኖች ተፈቱ። በስተቀኝ ያለው ከጀበናው ጎን ሲታይ ቡናማ ነገር አወጣ፣ የተቆላ ቡና ከመቃጠሉ በፊት ያለው ዓይነት። በስተግራ ያለው ደግሞ ዳር ዳሩን ሰማያዊ ሆነ። ቀኙ ብረት ነው። ባለቤቴ አሸነፈች።

ጥቁርን ከጥቁር ለመለየት እውነተኛ ጥቁር ያስፈልጋል። ጀበና ከሌላችሁ ድስት ገልብጡ። አሁን ጀርባቸው ላይ በትልቁ ተጽፏል።

እሑድ፣ ጥር 17

ዛሬ ቀኑን ሙሉ ሰዓት ጠባቂ ሆንኩ። ካርቶኖቹ በእውነተኛ ቦታቸው፣ ቴሌቪዥኑ ግራና ቀኝ ቆመዋል። መስኮታችን ወደ ምሥራቅ ነው፣ ከፊቱ የኒም ዛፍ አለ። ግድግዳው ከመስኮቱ ጎን ስለሆነ ብርሃኑ ተንሸራቶ ነው የሚነካው።

ጠዋት 1 ሰዓት። ፀሐዩ ቢጫ ነው፣ በቅጠል መሐል ይገባል። ብረት የቸኮሌት ዘመድ ይመስላል። ቁንዶ የጠፋ ከሰል ነው፣ ቆንጆ ከሰል። ሁለቱም ያምራሉ። በዚህ ሰዓት ብቻ ብንኖር ክርክር አይኖርም ነበር።

ቀትር፣ 6 ሰዓት። ፀሐይ ጣሪያው ላይ ወጥታለች፤ ሳሎኑ ውስጥ የሚገባው የሰማይ ብርሃን ብቻ ነው። የሰማይ ብርሃን ደግሞ ሰማያዊ አለበት። ብረት ዝም አለ። ቁንዶ ግን ተለወጠ። ደቻቱ ሊወርድ ሲል ደንገጎ ተራራ ላይ የሚከብደው ደመና አለ፣ የድሬ ሰው አይቶት ዕቃ መሰብሰብ የሚጀምርበት፤ እሱን ሆነ። የ1998ቱን ጎርፍ ያየ ሰው ያንን ደመና ሳሎኑ ውስጥ ላይፈልግ ይችላል። 88፣ 88፣ 88 ብዬ አልነበር? ወደ የትም የማያደላ ግራጫ? ወደ የትም የማያደላ ሰው ማለት የመጣው ሁሉ ጎትቶ የሚወስደው ማለት ነው። ብርሃኑ ሰማያዊ ሲሆን እሱም ሰማያዊ። ብረት ውስጥ ያለችው ትንሽዋ ሙቀት ግን ታግላ ትመልሰዋለች።

10 ሰዓት። ምንም አዲስ ነገር የለም። ተኛሁ።

ማታ 2 ሰዓት። አምፖሉ የበራው ነጭ ነው፤ እዚህ ሱቅ ሄደህ አምፖል ስትል የሚሰጥህ እሱን ነው። ማሸጊያው ላይ 6500 ኬልቪን ይላል፤ የብርሃን ቀለም መለኪያ ነው፣ ቁጥሩ ሲበዛ ብርሃኑ ወደ ሰማያዊ ይሄዳል። ከቀትሩ የባሰ። ቁንዶ ሰማያዊ ነው፣ ክርክር የለውም። እኔ በሆዴ ብረትን መረጥኩ። ባለቤቴም ብረት አለች። እማዬ ዝም አለች።

ከዚያ መብራት ጠፋ።

ሻማ ለኮስን። ሻማው ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ሲል ሁላችንም ወደ ግድግዳው አየን። ቁንዶ ላይ የነበረው ሰማያዊ የለም። ሞቅ ያለ፣ የቆዳ ዓይነት ቡናማ ግራጫ ሆኖ ቆሟል። ብረት ግን ራሱ የለም። ነጭ ጠርዝ ብቻ ቀርቷል፤ መሐሉ ባዶ ነው። እማዬ በጣቷ አሳየችና «ይኼኛው ጉድጓድ ነው» አለች። ከዚያ ወደ ቁንዶ ዞራ «ይኼኛው ግን ግድግዳ ነው» አለች።

6 እና 10 ማለት ይኼ ነው ለካ። ብርሃን ሲያንስ ብረት የሚመልሰው ነገር የለውም።

መብራት ሲመጣ ሌላ ነገር ታወሰኝ። ሻማ ቢጫ ነው። ቢጫ አምፖልም አለ። ነገ እገዛለሁ።

ሰኞ፣ ጥር 18

ገዛሁ። 3000 ኬልቪን። ሁለቱን አምፖሎች እያፈራረቅኩ ሃያ ጊዜ ያህል አየሁ። ካርቶኑን ከመለወጥ ይልቅ አምፖሉን መለወጥ ግድግዳውን ይበልጥ ይለውጠዋል። ቁንዶ በነጭ አምፖልና ቁንዶ በቢጫ አምፖል ሁለት የተለያዩ ቀለሞች ናቸው። ብረትና ቁንዶ በቢጫ አምፖል ግን ወንድማማቾች ናቸው። አሥር ቀን የተጨቃጨቅነው በቀለም ነበር፤ መጀመሪያ መጠየቅ የነበረበት አምፖሉ ነበር።

ካርቶኖቹን በረንዳ ላይ አቆምኳቸው። ይህ ሌላ ፈተና ነው፤ ቅዳሜ ውጤቱ ይታያል።

ረቡዕ፣ ጥር 20

ሐረር ወጣን፤ እማዬ የታመመ ዘመድ ልትጠይቅ። ካርዶቹን ኪሴ ውስጥ ይዣለሁ። አዎ፣ በሽታ ሆኗል።

ደንገጎን ስንጨርስ ንፋሱ በረደ። በሐሮማያ በኩል ስናልፍ ሹራብ ያልያዘ ተቀጣ። ጀጎል ውስጥ የእማዬ የድሮ ጓደኛ ቤት ቡና ተጠራን። የአደሬ ቤት ነው። ነደባው፣ እየተደረደረ ከፍ የሚለው መቀመጫ፣ በቀይ ተቀብቷል። ወለሉም ቀይ ነው። ይህ ቀይ በ1879 ዓ.ም. በጨለንቆ ጦርነት የወደቁትን ለማስታወስ ነው ይባላል። ከቀዩ በላይ ግድግዳው በኖራ ነጥቷል፤ እዚያ ላይ የሣር ስፌቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተሰቅሏል። ብርሃኑ የሚገባው በዋነኛነት በበሩ ነው።

ቁጭ ብዬ ሳየው አንድ ነገር ገባኝ። የጠቆረው ከታች ነው፤ ሰው የሚቀመጥበት። ከላይ ነጩ ብርሃኑን ይዞ ይመልሳል። ስለዚህ ቤቱ ጠቆር ያለ ቀይ ይዞም አይከብድም። እኛ ቤት ከላይ እስከ ታች አንድ ግድግዳ ልናጠቁር ነው፤ ያኔ ኮርኒሱና ሌሎቹ ሦስት ግድግዳዎች ነጭ መሆን አለባቸው ማለት ነው። ክሬሙ ሊነሳ ነው። ሥራ ተጨመረ። ሦስቱን ማንም አይነካቸውም ያልኩትን ሰርዙት።

ለቤቱ እመቤት ካርዶቹን አሳየኋት። «እነዚህ አንድ አይደሉም እንዴ?» አለች። አንድ አለመሆናቸውን ላስረዳ ስጀምር አቋረጠችኝ። «ምን ልትሰቅሉበት ነው?»

ይህን አላሰብነውም ነበር። «ቴሌቪዥን» አልኳት። አየችኝ። ስንወጣ ለእማዬ አንዲት ትንሽ ስፌት ሰጠቻት፤ ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴና ሐምራዊ ያላት።

ቅዳሜ፣ ጥር 23

የአቧራ ፈተና። ካርቶኖቹ ከሰኞ ጀምሮ በረንዳ ላይ ቆመዋል። የድሬ አቧራ ነጣ ያለ ነው፣ ደቃቅ፣ የተዘጋ መስኮት የማይመልሰው። ሳሎን ውስጥ ከበረንዳ ያነሰ እንደሚገባ አውቃለሁ። ግን የአንድ ወር አቧራ በአንድ ሳምንት ለማየት ነው።

በጣቴ መስመር አሰመርኩባቸው። ብረት ላይ መስመሩ ከግቢው በር ይታያል። ቁንዶ ላይ ለማየት ጎንበስ ማለት ያስፈልጋል። ቀለሙ ለአቧራው ቅርብ ስለሆነ ነው። ጥቁር ጫማና ቡናማ ጫማ ያለው ሰው ያውቀዋል።

በእርጥብ ጨርቅ ጠረግኳቸው። እዚህ ላይ ሁለቱም ወደቁ። የማያብለጨልጭ ቀለም ስለሆኑ የታሸው ቦታ ብልጭ ብሎ ቀረ፤ ሲደርቅም አልጠፋም። በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ነው እንጂ መፈተግ የለም። ሳቲን፣ ትንሽ የሚያብለጨልጨው ቀለም፣ ቢሆን ይታጠባል ብዬ አሰብኩ። ቀቢያችን ዛሬ ሊያይ መጥቶ ነበርና ጠየቅኩት። ምንም አልመለሰም። ስልኩን አወጣ፤ ባትሪውን አበራና ግድግዳው ላይ አስጠግቶ በጎን ያዘው። እብጠቱ፣ ስርጉዱ፣ የድሮ ሚስማር ቀዳዳው፣ የስንት ዘመን ልስን ሁሉ ተነስቶ ቆመ። ጨረቃ ይመስላል። «ይኼን ሳቲን ቀብተህ ቁጭ ብለህ እየው» አለኝ። ክርክሩ አለቀ።

እንግዲህ ቁንዶ ነው። እኔ ብረትን ነበር የምወደው፤ አሁንም ጠዋት 1 ሰዓት ላይ እወደዋለሁ። ግን መብራት ይጠፋል፣ አቧራ ይገባል፣ እማዬም ጉድጓድ ፊት ቁጭ ብላ ቡና አትጠጣም። ቅድመ ሁኔታው አንድ ብቻ ነው፦ ነጩ አምፖል ከሳሎን ይወጣል።

ቀቢያችን የሳቢያን ሰፈር ሰው ነው። «ረመዳን ሳይገባ ስንት ቤት ይጠብቀኛል መሰለህ» አለ። እውነት ነው፣ በዚህ ሰሞን ድሬ ላይ ቀቢ ማግኘት ከሙሽራ መኪና ይከብዳል። ለሐሙስ ተቀጣጠርን።

ሐሙስ፣ ጥር 28

ፍቂያ። ክሬሙ በአንዳንድ ቦታ እንደ ወረቀት ተላጠ፤ ስሩ ኖራ ነዋ። ፕላስቲክ ቀለም ዱቄት የሚለቅ ኖራ ላይ አይያዝም። የሚለቀው ሁሉ ወረደ፣ ተጠረገ፣ ማያያዣ ተቀባ። ከዚያ ስቱኮ ሁለት ዙር፤ ከዚያ ብርጭቆ ወረቀት። ስልኩን በጎን እየያዝኩ እኔ አሳያለሁ፣ እሱ ይፍቃል። ቤቱ ዱቄት ፋብሪካ ሆነ። ምሳችንን ጎረቤት አዴ ቤት በላን፤ «ቤታችሁ ፈረሰ እንዴ?» ብላ ስቃብናለች።

ከስቱኮው በላይ ግራጫ መነሻ ቀለም መታው። ነጭ ላይ ጥቁር ከመደረብ ግራጫ ላይ መደረብ እጅ ይቆጥባል።

ቅዳሜ፣ ጥር 30

ቀቢያችን ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ በሩን አንኳኳ። በሙቀት ቀለም ሩሎው ላይ እያለ ይደርቃል። አንዱ መስመር ደርቆ ሌላው ሲደረብበት ዱካ ይተዋል፤ ጥቁር ላይ ደግሞ ዱካው እንደ ሲኒማ ይታያል። ቬንትሌተሩን አስጠፋ፣ መስኮቱን አስዘጋ። እኔ ዳር ዳሩን በብሩሽ፣ እሱ እግር በእግር በሩሎ፣ ጠርዙ ሳይደርቅ። አንድ ጊዜ ስልኬ ጠራና አነሳሁ። ስመለስ የኔ ጠርዝ ደርቋል። ያቺ ቦታ አሁንም ትታየኛለች፤ ሌላ ሰው ግን አያያትም።

የመጀመሪያው እጅ ሲደርቅ አስደነገጠኝ። ግራጫው ከስር ይታያል፤ ደመና ደመና ይላል። «ሁለት ይበቃል ብለኸኝ ነበር» አለኝ። እኔ ነኝ ያሰላሁት። ግድግዳው 4 ሜትር ከ20 በ3 ሜትር ከ40 ነው፤ 14 ካሬ ያህል። በሁለት እጅ 28። ሊትሩ 9 ካሬ ከሸፈነ አንድ ጋሎን ይበቃል ብዬ አንድ ጋሎን አስመታሁ። የቀለም ቤቱ ልጅ ይሳሳል ብሎኝ ነበር። ሁለተኛው እጅ ሲያልቅ ጋሎኑም አለቀ። ሦስተኛ እጅ ግድ ነው።

ሰኞ፣ የካቲት 2

ሁለተኛ ጋሎን አስመታሁ። ልጁ ካርዱን አይቶ መታ። ቤት አምጥተን ጥግ ላይ ብንሞክረው፣ ሲደርቅ፣ ሰማያዊ። በግልጽ ሰማያዊ አይደለም፤ ግን ከትናንት ወዲያው ጎን ሲሆን ልዩነቱ በጎን ብርሃን ይታያል። ልጁ ላይ አልፈርድም። ከደረቀው ግድግዳ ናሙና ይዤ መሄድ ነበረብኝ። ይልቅስ መጀመሪያውኑ ሁለቱን ጋሎን አንድ ላይ አስመትቼ አንድ ባልዲ ውስጥ መገልበጥ ነበረብኝ። በዓይን የተመታ ቀለም ሁለቴ አይወለድም።

ቀቢያችን በረንዳው ላይ ቆሞ ጺሙን እያሻሸ አሰበ። «ያ የናሙናው ቀለም የት አለ? የጠቆረው?»

ብረት። ከሊትሩ ካርቶን ቀብተን ሦስት አራተኛው ያህል ቀርቶናል። አመጣሁት። ሁለተኛውን ጋሎን ባልዲ ውስጥ ገለበጠው፤ ብረቱን በሲኒ እየቀዳ ጨመረ። አንድ ሲኒ። አማሰለ፤ ካርቶን ላይ ቀባ፤ አደረቀ። ሁለት ሲኒ። ሦስት። የብረት ቀይና ቢጫ ሰማያዊውን ቀስ እያለ አጠፋው። በአምስተኛው ሲኒ «ባስ» አለ፣ በቃ ማለቱ ነው። ግድግዳው ላይ ነካ ሲያደርገው ጠብታው ጠፋ ልል አልችልም። ትንሽ ጠቆር ይላል። ግን ሙሉውን ግድግዳ ከጥግ እስከ ጥግ በሱ ስለምንደርበው ማን ያወዳድረዋል?

ማክሰኞ፣ የካቲት 3

ሦስተኛው እጅ አለቀ። ዱካ የለውም፣ የኔዋ ጠርዝ ካልተቆጠረች። ሌሎቹ ሦስቱ ግድግዳዎችና ኮርኒሱ ነጥተዋል። ቴሌቪዥኑ ሲጠፋ የት እንዳለ ለማግኘት ዓይን ይፈልጋል፤ ይህን ማንም አልነገረኝም ነበር፣ በጣም ወደድኩት። እማዬ ወንበሯን ስባ ፊት ለፊት ቁጭ አለች። «ለቅሶ ቤት አይመስልም» አላለችም። «ስፌቷን ከፍ አድርጋችሁ ስቀሉልኝ» ነው ያለችው። ሰቀልናት። ሐምራዊው ክር እንደዚያ እንደሚያበራ ሐረር እያለች አላየሁትም።

ማታ በቢጫው አምፖል ፎቶ አንስቼ ለእህቴ ላክሁ። ቁንዶ ይሁን ብረት አልነገርኳትም። ልንገራት ብልም ምን እላለሁ? ቁንዶ በአምስት ሲኒ ብረት?

ወዲያው ደወለች። «ብረት ነው አይደል? ከቁንዶ በሩቁ ይለያል እኮ!»

የተረፈውን በጠርሙስ አድርጌ ደረጃው ስር አስቀምጬዋለሁ። በዚህኛው ላይ ጽፌበታለሁ፦ «ሳሎን፣ የካቲት 3፣ አምስት ሲኒ»።